ለአራት ሰው የሚበቃ ውሃ

ከሥሩ ያለው ውሃ ለሚኖሩበት ሁሉ ካልበቃ መሬት ለልጆች አይከፈልም፤ ሕጉ ነው። የውሃ መርማሪዋ የመለኪያ ገመዷን ከጉድጓዱ ሰብስባ፣ «ለአራት ሰው ብቻ ይበቃል» አለች።

ወይዘሮ አንጓች በጣታቸው ቆጠሩ፦ እሳቸው፣ ትልቁ ልጃቸው ከነሚስቱ፣ ትንሹ ምንይችል ከነእጮኛው። አምስት።

«አንዳችን ብንመነኩስስ?»

«የገዳም ውሃ ለብቻው ነው፤ ያኔ መሬቱ ይከፈላል።»

ዘንድሮ ከአጥቢያው የመነኮሱት አሮጊቶች በዝተዋል። ቄሱ እምነት ጠንክሮ ነው ይላሉ።

«እንግዲያው ቆብ እደፋለሁ» አሉ ወይዘሮ አንጓች።

«እማዬ፣ አንቺ እኮ ረቡዕን እንኳ ጾመሽ አታውቂም!» ብሎ ምንይችል ሳቀ። ሌላ ሰው አልሳቀም።

መርማሪዋ ወደ ልጆቹ ዞረች። «ተስማምታችኋል?»

ምንይችል ወንድሙን አየ፤ ወንድሙ ጉድጓዱን። እናትየዋ አንዳቸው «አትሂጂ» እስኪላቸው ጠበቁ። ዝም ሲሏቸው፣ «ተስማምተዋል፣ የኔ ልጅ» አሏት መርማሪዋን።