የጉልበት ታማሚዋ

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ በሉና አንዲት ልጅ የገጠማትን ላውጋችሁ። ሥራዋ የጤና ተቋማትን አሠራር እያጠኑ ማማከር ነው፤ ቢዝነስ አናሊስት ይሏታል። አለቆቿ በአንዲት ዳገታማ ከተማ ካሉት ሁለት ጤና ጣቢያዎች የትኛው መዘጋት እንዳለበት አጥኚ ብለው ላኳት። እሷ ደግሞ ወረቀት ብቻ አይታ መፍረድ ስለማትወድ፣ ከበሽተኞች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ትጠይቃለች።

በላይኛው ጤና ጣቢያ፣ በከዘራ እያነከሱ የሚመጡ እማማ ጥሩወርቅ የሚባሉ አሮጊት ወዳጇ ሆኑ።

"እዚህ እንዴት ነው የሚያክሙዎት፣ እማማ?"

"እንደ እናታቸው ነው የሚያዩኝ፣ ልጄ። የታችኞቹማ ለጉልበቴ ብሄድ የጥርስ መድኃኒት ሰጥተው ሸኙኝ!"

ልጅቱ ሳቀች።

"ይቺን እንዳታስዘጊብን፣ የኔ ዓለም" ብለው ጉንጯን ሳሟት።

አመነቻቸው። በእሷ ምክርም የታችኛው ተዘጋ።

በማግስቱ የላይኛው ኃላፊ አቶ ዘውገ ቤቱ ምሳ ጋበዛት። ስትሄድ፣ ምጥ የያዛት ሴት ሁለት ሰዎች ደግፈዋት ዳገቱን ስትወጣ አየች። "ቢርቅም ደህና ቦታ ነው የምትደርሰው" ብላ ተጽናናች።

ገብታ እንደተቀመጠች አቶ ዘውገ ወደ ጓዳ ተጣራ። "እማዬ፣ እንግዳችን መጣች!"

እማማ ጥሩወርቅ ትልቅ ድስት በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ያለ ከዘራ፣ እንደ ኮረዳ ፈጠን ፈጠን እያሉ ወጡ።

"ብዪ እንጂ፣ የኔ ዓለም" አሏት።

አደራ ልጆቼ፣ ዳገት ስትወጡ ያቺን ምጥ የያዛትን ሴት አስታውሷት።