ወደ ቲኖስ ደሴት የወሰዳቸው ስለት

«ቲኖስ ካልሆነ ከቤቴ ንቅንቅ አልልም።»

ሳራንቲስ ላፕቶፑን ዘጋው... ሆቴል ሲመርጥ ነው ያመሸው።

«እማዬ፣ ለእረፍት እኮ ነው የምንሄደው። ኔፌሊ የምትፈልገው ፀጥ ያለ ባህር ነው።»

«ልጅቷ ባህር ከፈለገች ቲኖስም ደሴት ነው። በየት በኩል ብትዞር ባህር ነው።»

«ልጅቷ» የተባለችው ኔፌሊ ናት... የሳራንቲስ ሚስት።

እማማ ኤቫንቲያ ልጃቸው ካገባት ጀምሮ አንድም ቀን በስሟ ጠርተዋት አያውቁም።

ኔፌሊ ከወጥ ቤት ሆና ሰማች።

እሷና ባሏ የደበቁት ነገር ነበር።

ከገና በፊት ጡቷ ላይ እጢ ተገኝቶ ኦፕራሲዮን ሆናለች። ለአማቷ ግን «ቮሎስ ከተማ እህቷ ጋ ሄዳለች» ነው የተባለው። እሳቸው ከሰሙ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል ብላ ፈርታ።

እረፍቱም የታሰበው ለእሷ ነበር... እስቲ ትንሽ ትተንፍስ ተብሎ።

አሁን እሱንም አማቷ ወሰዱባት።

ሳራንቲስን ያስጨነቀው ግን ሌላ ነው።

እረፍታቸው የሚውለው በነሐሴው የማርያም በዓል ሰሞን ነው። በበዓሉ ቀን በግሪኳ ቲኖስ ላይ ስለት ያለበት ሰው ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለውን ዳገት በጉልበቱ እየዳኸ ነው የሚወጣው። ለዚሁ ተብሎ መንገዱ ዳር ምንጣፍ ተነጥፏል።

የእማማ ኤቫንቲያ ልብ ደግሞ ደካማ ነው። ሐኪማቸው «ዳገት እንዳይሞክሩ፣ ፀሐይ እንዳይነካቸው... ልባቸው አይችልም» ብሏል።

«እማዬ፣ ስለት አለብሽ እንዴ?»

«ቢኖርብኝ ከእመቤቴ ጋር ነው። አንተን ምን አገባህ?»

«ስለት የአሮጊቶች ነገር ነው።»

«እኔስ ምንድን ነኝ? ኮረዳ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳራንቲስ እንቅልፍ አጣ።

አስቦ አስቦ አንድ ዘዴ መጣለት... ዳገቱን ራሱን መሰረዝ። ዳገቱ አናት ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለ ሆቴል ያዘ። ከመርከብ በታክሲ ቀጥታ ሆቴሉ በር። የሚወጣ ነገር የለም።

እሱም አላረካውም። በየሰዓቱ የአየር ትንበያ ያያል። ነፋሱ ከበረታ መርከብ አይነሳም።

እረፍት አቅዶ ማዕበል የሚመኝ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እሱን አየሁ።

እናቱ ታዲያ ለሁሉም ነገር «እሺ ልጄ» አሉ። ለሆቴሉ እሺ። ለታክሲው እሺ።

ሳራንቲስን ከሁሉም በላይ ያስፈራው ይሄ «እሺ» ነው። በሕይወታቸው እሺ ብለው የማያውቁ ሴት ናቸው።

ነፋሱም አልመጣም... መርከቡ ሄደ።

እማማ ኤቫንቲያ ፍልሰታን እየጾሙ ስለነበር መንገዱን ሁሉ ከወይራና ከዳቦ ሌላ አልቀመሱም። ቦርሳቸውን ግን አቅፈው ማንም እንዲይዝላቸው አልፈቀዱም።

በበዓሉ ጠዋት ሳራንቲስ የእናቱን ክፍል ከፈተ።

አልጋው ባዶ... የልብ መድኃኒታቸው ጠረጴዛው ላይ።

ባልና ሚስት ቁልቁል ሮጡ።

ጥቁር የለበሱ አሮጊት ፍለጋ... ያን ቀን ቲኖስ ላይ ጥቁር ያልለበሰች አሮጊት የት አለች? ሳራንቲስ የስንቷን ትከሻ ይዞ «እማዬ» እንዳለ እሱ ነው የሚያውቀው።

መጀመሪያ ያየቻቸው ኔፌሊ ናት።

ከዳገቱ ግርጌ፣ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተንበርክከው የጉልበት መከላከያ ያስራሉ።

«እማማ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ... ይነሱ። ልብዎን አያውቁትም?»

«ዞር በይ። ይሄን ሳላስገባ አልመለስም።»

እጃቸው ላይ መዳፍ የምታክል የብር ዝርግ አለች። የዳነ ሰው የዳነለትን የሰውነት ክፍል አስቀርጾ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጣት ዓይነት ናት። አንዱ ዓይን ያስቀርጻል፣ አንዱ እግር።

የእሳቸው ላይ የተቀረጸው የሴት ጡት ነው።

ኔፌሊ እዚያው ቁጭ አለች።

ሳራንቲስ እያለከለከ ደረሰና ዝርጓን አየ። «እማዬ... ማን ነገረሽ?»

«ማንም። የገና ዕለት ስስማት ግራ ክንዷን አላነሳችም፣ ደረቷንም አላስነካችኝም። እኔም ሴት ነኝ።»

«ታዲያ እስከዛሬ ለምን ዝም አልሽ?»

«እናንተ ዝም ስላላችሁ ነዋ። ልጅቷ የደበቀችውን ገልጬ ላሳፍራት? ሆድ ይፍጀው አልኩ። እመቤቴን አድኛትና በጉልበቴ እመጣለሁ ብዬ ተሳልኩ... አዳነቻት።»

ኔፌሊ እንባዋን ጠርጋ ምንጣፉ ላይ ለመንበርከክ ሞከረች።

«ለእኔ ከሆነ እኔ እወጣዋለሁ።»

«ክንድሽ ገና አልጠናም።»

«የእርስዎስ ልብ?»

«ልቤን ተዪው፣ አርጅቷል።»

ከኋላቸው ተራ የምትጠብቅ ሴት ታከታት። «እናንተ ሰዎች፣ ወይ ውጡ ወይ አሳልፉን።»

ያኔ ሳራንቲስ... ያ «ስለት የአሮጊቶች ነገር ነው» ያለው ሰውዬ... ነጭ የእረፍት ሱሪውን እንደለበሰ ተንበረከከ።

የእናቱ መከላከያ አልገባለትም።

«ልጄ፣ ጉልበትህ ይላጣል።»

«ይላጥ እማዬ።»

ዳገቱን እየዳኸ ወጣው። እናቱ በእግራቸው፣ በዝግታ፣ በየጥላው እያረፉ ተከተሉት... ኔፌሊ ደግፋቸው።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሲደርሱ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ደም ነክቶታል። እማማ ኤቫንቲያ የብር ዝርጓን ምራታቸው እጅ ላይ አኖሩ።

«ራስሽ ስቀያት... ኔፌሊ።»

ኔፌሊ ቀና ብላ አየቻቸው። «ስሜን ያውቁታል ለካ።»

«እስካሁን ለእሷ ብቻ ነበር የምጠራው» አሉ፣ በአገጫቸው ውስጥ ወዳለው የእመቤታችን ሥዕል እያመለከቱ። «በየማታው።»

ወዳጆቼ... ፊት ያልሰጠን ሰው ሁሉ የጠላን ይመስለናል። አንዳንዱ ግን ፍቅርን አፉ ላይ ማውጣት አይችልበትም... በጓዳ ነው የሚጨርሰው። ቤተሰብ በዝምታ ሲጠባበቅ ደግሞ ልቡ የደከመው ሰው ብቻውን ዳገት ይወጣል።

እስቲ ንገሩኝ... አይወደኝም ብላችሁ የተቀየማችሁት፣ ኋላ ግን በጓዳ ስማችሁን እየጠራ ሲጸልይላችሁ የደረሳችሁበት ሰው አለ? ማነው?