ጓጉንቸር ሲለቅ

ክንዱ ከአገጯ ሥር ገብቶ ሲጠብቅ ምላጩን ከእጇ ለቀቀችው፤ ሳፋው ውስጥ ወደቀ። አልጮኸችም። ጩኸት ባሏ ጆሮ እንደማይደርስ ካወቀች ውላ አድራለች። ጢሙን ላጭታ አጋምሳ ፎጣ ልታነሣ ጀርባዋን ብትሰጠው፣ ከወንበሩ ተነሥቶ እንደ ድሮ ተጋጣሚዎቹ ከኋላ አንገቷን ያዛት። ዓይኗ ሲጨልም መዳፏን አንሥታ ክንዱን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገችው።

ክንዱ ወዲያው ተፈታ።

«ደህና ነህ ወንድሜ?» አላት በትሕትና፣ ከልምምድ ጓደኞቹ እንደ አንዱ ቆጥሮ ጀርባዋን ቸብ ቸብ እያደረገ። ከዚያም የግማሽ ፊቱ ሳሙና ሳይወርድ ተመልሶ ተቀመጠና ዓይኑን ግድግዳው ላይ ተከለ።

ታላቅ ወንድሟ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም አይቷል። የመጣው ቁርጧን ሊሰማ ነበር። እንዲህ ያሉ ሕሙማን በሚጦሩበት ቤት ለባሏ አልጋ ተገኝቶለታል፤ ዛሬ ካልገባ ለሌላ ይሰጣል። መኪናው ደጅ ቆሟል። እሷ ግን እስከዚህች ሰዓት ድረስ ባሌ ማንንም አይጎዳም ስትል ነው የኖረችው።

ባሏ በጉብዝናው ዘመን ቡጢውም ርግጫውም ትግሉም በአንድነት የሚፈቀድበትን፣ ሚክስድ ማርሻል አርት የሚሉትን ውድድር ሙያዬ ብሎ የኖረ ሰው ነው። አንገት ቆልፎ በመያዝ የሚተካከለው ስላልነበረ ስሙን ትተው ጓጉንቸር አሉት፤ «ጓጉንቸር ከቆለፈ ቁልፉ ባሕር ገብቷል» እያሉም ይሳሳቁ ነበር። በዚያ ሙያ የተያዘ ሰው ባላጋራውን በመዳፉ መታ መታ ካደረገ ተሸንፌአለሁ ማለቱ ነውና የያዘው ወዲያው መልቀቅ አለበት። ሌሎች ለእሱ መታ መታ አደረጉ። እሱ ግን ለማንም አላደረገም። ክንዱ ሲሰበር ዝም አለ፤ ትንፋሽ አጥሮት ራሱን ሲስት ዝም አለ። ለዚህ ዝምታው ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበለት፣ አጨብጭቦም ወደየቤቱ ገባ። ጭንቅላቱ የተቀበለው ዱላ ግን ከእሱ ጋር ወደዚህ ቤት መጣ። ዛሬ የሚስቱን ስም አያውቅም፤ መልቀቅን ብቻ አልረሳም።

«አየህ ጋሼ፣ ይለቃል» አለች፣ ሻርፗን አንገቷ ላይ እያስተካከለች።

«እጅሽ ከሥር ተይዞ ቢሆን ኖሮስ?»

ያን ጊዜ አንተ ትደርስልኛለህ ስትለው፣ እኔማ የምደርሰው ለቀብርሽ ነው አላት። ቀልዱ አላሳቃቸውም። ሕመሙ እየባሰ እንደሚሄድ ሐኪሙ የነገራትን ደግሞ ነገራት፤ እሷም የመለሰችለትን ደግማ መለሰችለት። ሲያሸንፍ ሚስቱ ሆኜ፣ ሲታመም ጎረቤቱ ልሁን ወይ አለችው። ወንድሟ ባርኔጣውን በእጁ ሲያዟዙር፣ ትንሿ ልጃቸው አንድ እግሯ ላይ ብቻ ካልሲ አድርጋ ከመኝታ ክፍል ወጣች።

አጎቷን ስታይ ፊቷ በራ። ቀጥሎ ግን ወደ ሆዱ ተመለከተችና ከባለፈው እንደ ጨመረ፣ በዚህ ከቀጠለም በበሩ እንደማያልፍ በቁም ነገር አስታወቀችው። ያ ኮስታራ ሰው ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ጎንበስ ብሎ አነሣትና ጉንጯን ከጉንጩ አድርጎ ሙሉ ክንዱን በትከሻዋ ላይ ጠመጠመ።

ልጅቷ ፈገግታዋ ሳይጠፋ በትንሿ መዳፏ ክንዱን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገችው።

አጎትየው የፍቅር መስሎት ይበልጥ አቀፋት። ደግማ መታ አደረገችው፤ ፈጠን አድርጋ። ፈገግታዋ ጠፋ። ሦስተኛ ስትመታው ግራ ተጋብቶ መሬት አስቀመጣት።

«አጎቴ፣ መታ ካደረግሁህ ትለቃለህ እኮ» አለችው። «አባዬ እንኳ ይለቃል።»

ወንድምየው ወደ እህቱ ዞረ። እሷ ወደ ወለሉ ታይ ነበር። ልጅቷን መታ ማድረግ ያስተማረቻት እሷው ናት፤ እዚሁ ወለል ላይ ተቀምጠው፣ እየሳቁ፣ ጨዋታ ነው ብላ። አባቷ ቢይዛት መውጫ በር ከፈትሁላት ብላ ነበር። ልጇ ከእንግዲህ ያቀፋትን ሁሉ ልቀቁኝ እያለች እንደምትኖር ግን አላሰበችውም።

 

ከሳፋው ምላጩን አንሥታ አለቀለቀችው። ሳሙናውን እንደ አዲስ ቀባችና የቀረውን የባሏን ግማሽ ጢም ቀስ ብላ፣ ጉንጩን በጣቷ እየወጠረች ላጨችው። ፊቱን በእርጥብ ፎጣ ጠረገችለት። ከቁም ሣጥኑ ነጩን ሸሚዝ አወጣች።

«ጋሼ» አለች ሳትዞር፣ «መኪናው ትንሽ ይጠብቀን።»

ሸሚዙን ስታለብሰው እሺ ብሎ ለበሰ። እጅጌው ላይ ስትደርስ ግን ፊቱ ተለወጠ፤ ዓይኑ ላይ ከብዙ ጊዜ ወዲህ ያላየችው ንቃት መጣ። ከግጥሚያ በፊት እጁን በጨርቅ ለሚጠቀልልለት ሰው እንደሚያደርገው፣ ሁለት ክንዶቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ጣቶቹን በተናቸው።

«ተጋጣሚዬ ማነው?» ሲል ጠየቃት።

«ገና አልተነገረንም።»

የቀኝ እጅጌውን ቆለፈች፤ ቀጥሎም የግራውን። ጨርሳ ወደ ኋላ ብትልም እጆቹን አላወረደም፤ ጣቶቹን እንደ በተነ ጓንቱን ይጠብቅ ነበር።