ስም የሌለው ድንጋይ

ሰውየው የጥንት ወታደር ልብሱን እንደለበሰ፣ ጥይት የሌለውን ጠመንጃ ይዞ መቃብር መሃል ወደተቀመጠች አንዲት አሮጊት ሄደ። በሃሎዊን፣ በፈረንጆቹ የመናፍስት በዓል ማታ፣ ጎረምሶች ዋይሊ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ያለውን አሮጌ መቃብር እንዳይሰባብሩ፣ ቅዳሜና እሁድ የአሜሪካንን የእርስ በርስ ጦርነት በትያትር የሚያሳዩት ሰዎች ዘብ ቆመዋል፤ ከመሃላቸው አበሻ እሱ ብቻ ነው። "ያንተ ሰው ትመስላለች፣ አስወጣት" ብሎታል አለቃው፣ በሥራ ቀን ኢንሹራንስ የሚሸጠው።

አሮጊቷ ስም በሌለው ድንጋይ ላይ ጧፍ ለኩሳ ታለቅሳለች። "እማማ፣ ዝግ ነው፣ ይነሱ" ሲላት አማርኛውን ሰምታ ፊቷ በራ።

"ተባረክ ልጄ። የኔን ልጅ በቀይ ሽብር ገድለው አስከሬኑን ከለከሉኝ። ይሄ ድንጋይ ስም ስለሌለው የሱ ነው ብዬ ያዝኩት። ትንሽ ላልቅስለትና እሄዳለሁ።"

ጧፉን በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ አጠፋው። "ማልቀስ ክልክል ነው። ተነሺ።"

ከአፉ እንዴት እንደወጣ አላወቀም። ድሮ፣ በዚያው በቀይ ሽብር፣ ጠመንጃ ይዞ በቀበሌው በር ቆሞ ለስንት እናት እንዲህ ብሎ ነበር። አሮጊቷ ቀና አለች፤ ያየችው ግን ፊቱን ሳይሆን ጠመንጃውን የጨበጠበትን እጅ ነው። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች፤ ያኔ እናቶች ያደርጉት እንደነበረው። ድምፅ ሳታሰማ ተነስታ ሄደች።

አለቃው ከኋላ መጥቶ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። "ጉድ ጆብ። ከሁላችንም እውነተኛ ወታደር የምትመስለው አንተ ነህ" አለው።

ሰውየው ሳይታወቀው ደረቱን ነፋ።