የአክስቷ መቃብር

በቴሌቪዥኑ ወደ ጣልያንኛ በተተረጎመ የጃፓን ድራማ ላይ ልጅቷ መቃብር አቅፋ ስታለቅስ፣ የሻረግ ማንደፍሮን በክርኗ ጎሸም አደረገችው። «ጣልያንኛው ፈጠነብኝ። ፍቅረኛዋ ሞተ እንዴ?»

«የምን ሞት! ዓሣ ነባሪ ውጦት ነው እንጂ! ሦስት ቀን ሆዱ ውስጥ ካርታ ሲጫወት ከርሞ ናፖሊ ላይ ተተፋ። መቃብሩ የአክስቷ ነው» ብሎ ቀደደላት።

የሻረግ ጭኗን እየመታች ሳቀች። «አሎራ፣ እንግዲያው የእኔውም ይመጣል! ሊቢያ ገብቶ ድምፁ ጠፋ እንጂ፣ ቢሞት ኖሮማ አንተ አትደብቀኝም ነበር።»

ማንደፍሮ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ አልነቀለም። በጠዋት የመጣው፣ ሽማግሌዎቹ ከሮም ኤስኲሊኖ ሰፈር በሜትሮ ባቡር የእጮኛዋን መርዶ ይዘው እስኪደርሱ ስልክ እንዳታነሳ ሊጠብቃት ነበር።

በሩ ተንኳኳ። የሻረግ ሳቋን ሳትጨርስ ከፈተች። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የቆሙትን ሽማግሌዎች ስታይ፣ ዞራ ማንደፍሮን አየችው።