ለሁለት ቀበሌ የተከፈለ ቤት

ወረዳው በየነገዱ ተሸንሽኖ፣ ከቀበሌ የማያስወጣ አምባር በሰው ሁሉ እጅ ከታሰረ ሦስት ዓመት ሆነ። መስመሩ የአቶ ጓንጉልን ቤት ሰንጥቆ ጓዳውን ለአገው፣ ደጃፉን ለሺናሻ ሰጠው። እርሳቸው አገው ናቸውና ከጓዳ ወጥተው አያውቁም፤ ሺናሻዪቱ ባለቤታቸው ወይዘሮ ንጋቷ ምግባቸውን በገበቴ እየገፉ ያቀብሏቸዋል።

ዛሬ የልጅ ልጃቸው በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሣ። ቀትር ሲሆን በተገኘበት ወገን አምባር ይታሰርለታል። እስከዚያ መስመሩ አይከለክለውምና ወይዘሮ ንጋቷ በገበቴ አሻገሩት። አያቱ አቅፈው ሳሙት።

«አንተ ሰውዬ፣ ቀትር ደረሰ! መልሰው እንጂ!»

«ከእኔ ጋር ቢቀርስ? ብቻዬን ነኝ እኮ።»

«ጡት ልታጠባው ነው? እናቱ ወዲህ ናት!»

ሽማግሌው እንባቸውን ጠርገው ሕፃኑን አስተኙት፤ በመቋሚያቸውም ጫፍ ወደ እናቱ ገፉት። አምባሩ በትንሿ እጅ ላይ ሲገጥም ከጓዳ ሆነው፣ «እግዚአብሔር ያሳድግህ» ብለው መረቁት፤ ድምፅን የሚከለክል አምባር ገና አልተሠራም ነበርና።