ተብሏል

«ግለሰቧ ማናት?»

ጣቢታ ወረቀቱን በሁለት ጣቷ ይዛ የስቱዲዮው በር ላይ ቆማለች። የሬዲዮ ጣቢያችንን የሰባት ሰዓት ዜና የምታነበው እሷ ናት፤ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ጠዋት በሰጠኋት ወረቀት ላይ እንዲህ የሚል ቃል አልነበረም። ሰዓቱ ስድስት ከሠላሳ አምስት ነው።

ወረቀቱን እቀበላታለሁ። እኔ የጻፍኩት «የተከበሩ ወይዘሮ ገነቴ ሱላሞ ለምክር ቤቱ ባቀረቡት ጥያቄ» ብሎ ይጀምር ነበር። አሁን «ግለሰቧ ከፓርቲው አቋም ያፈነገጠ ሀሳብ አንጸባርቃለች» ይላል። አርባ ሰከንድ የሚሆነው ድምፃቸው ተቆርጧል። የጠየቁት ጥያቄ ራሱ ተሰርዟል።

«መምህርት ገነቴ ናቸው» እላታለሁ።

«ናቸው?» ትስቃለች። «እዚህ እኮ ‹ናት› ሆነዋል።»

ትናንት ያነሱት ነገር ቀላል ነው። በቀበሌያቸው ጤና ጣቢያ ሲመረቅ የታዩት ስድስት አልጋዎች ጠዋት በአይሱዙ መጥተው፣ ካሜራው ሲሄድ በዚያው አይሱዙ ተመልሰዋል። «የፓርቲው አባል ነኝ፤ አሥራ አምስት ዓመት አልፎኛል። አባልነቴ ግን ያየሁትን አልጋ አላየሁም አያሰኘኝም» አሉ። ያጨበጨበ አልነበረም። ጎንበስ ብለው የሳቁ ነበሩ።

ዛሬ ጠዋት ወደ ዱራሜ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሆነው ደወሉልኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፓርቲው ለግምገማ ጠርቷቸዋል። «ብዙነህ፣ ልጄ፣ ድምፄ በሰባት ሰዓቱ ይወጣል አይደል? ከወጣ ጥያቄው የሰው ሁሉ ይሆናል። ካልወጣ የእኔ ጠባይ ነው የሚሆነው።»

«ይወጣል» አልኳቸው።

ሺንሺቾ፣ አራተኛ ክፍል፣ አማርኛ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከቤት ይዤ የሄድኩት ከምባትኛ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ርዕሰ መምህሩን «ና» ብዬ ጠራሁና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው አልሳቁም። «ይምጡ» የሚለውን ሃያ ጊዜ አስጻፉኝ።

ዋና አዘጋጁ ዕንባቆም የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ይገባል። ወረቀቱ በማን እጅ እንዳለ ያያል።

«ከላይ ነው የመጣው» ይላል ሳልጠይቀው። «እኔ ፊደል አልነካሁም።»

«የምክር ቤት አባል እኮ ናቸው። ትናንት ስንቀርጽ ‹የተከበሩ› ብለናቸዋል።»

«ትናንት ነበሩ። ዛሬ ግምገማ አላቸው።» ራሱ «አላቸው» ማለቱን ልብ አላለውም። «ደግሞስ፣ ኖርዌይ የአገሩን መሪ ሳይቀር ‹አንተ› ነው የሚሉት ብለኸን አልነበር? እንደዚያ ቁጠረው።»

«እዚያ ሁሉም ‹አንተ› ነው። እዚህ ግን የወረደችው አንዲት ሴት ብቻ ናት።»

«ናት» ከራሴ አፍ ስትወጣ እሰማታለሁ። ጣቢታም ሰምታለች።

«ስድስት ዓመት ተምሮ መጥቶ በአንዲት ‹ች› ይጣላል!» ዕንባቆም ሻዩን ያስቀምጣል። ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «አላስነብብም ማለት ትችላለህ። ነገ ለምን አላነበብሽም ተብላ የምትጠራው ግን ጣቢታ ናት። ድምፁ የእሷ ነዋ።»

ጣቢታ መሳቋን ትታለች። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ታያለች።

እቀመጣለሁ፤ እነሳለሁ። መስኮቱን ከፍቼ መልሼ እዘጋዋለሁ። ከኖርዌይ ከመጣሁ ስምንት ወር ሆኖኛል፤ በየሳምንቱ ለምን እንደመጣሁ የምነግራቸው ሰዎች አሉኝ፣ በየሳምንቱም ምክንያቱ ይለያያል። ስድስት ከአርባ ስምንት። ድምፃቸውን ካስገባሁ የምትጠየቀው ጣቢታ ናት። ይህን ወረቀት ካስነበብኩ ከሀደሮ እስከ ዱራሜ ያለ ሰው ሁሉ መምህርቷ እንዳበቃላቸው በአንዲት ቃል ይሰማል፤ ገምጋሚዎቹም ሥራቸው ቀልሎላቸው ይገባሉ።

ያን ጊዜ ነው የመጣልኝ። እቀመጥና በአንድ ትንፋሽ እጽፈዋለሁ። «በምክር ቤቱ ጉባኤ አንዳንድ ጤና ጣቢያዎች ቁሳቁስ ሳይሟላላቸው እንደሚመረቁ ተነስቷል። ጉዳዩ ትኩረት እንደሚሻም ተብሏል።»

«ብለዋል» የለም። «ብላለች»ም የለም።

ዕንባቆም ቆሞ ያነበዋል። ትከሻዬን መታ መታ ያደርጋል። «ይኸውላችሁ! ውጭ አገር ልኮ ማስተማር ለዚህ ነው።»

ደስ ይለኛል። አልዋሽም፣ እውነት ደስ ይለኛል። ማንም አልተዋረደ፣ ማንም አልተጠራ፣ ጥያቄውም ወጣ።

ቀይ መብራቱ ይበራል። ጣቢታ በዚያ ጥርት ባለ ድምፅዋ ታነበዋለች። አሥራ አንድ ሰከንድ ይፈጃል። ከዚያ ስለ አስፋልት፣ ከዚያ ስለ ማዳበሪያ፣ ከዚያ ኳስ።

መብራቱ ሲጠፋ ማዳመጫዋን አውልቃ አንገቷ ላይ ትተወዋለች።

«ማነው ያለው ቢሉኝስ?»

«ማንም አይጠይቅሽም።»

«እሱማ» ትላለች። ወረቀቶቿን ሰብስባ ሳታየኝ ትወጣለች።

ስልኬን አወጣለሁ። ለመምህርት ገነቴ ረጅም ነገር እጽፋለሁ፤ ስለ ስማቸው፣ ስለ ጣቢታ፣ ቢወጣ ኖሮ ይብስ እንደነበር። ሳነበው ከግምገማ የወጣ ቃለ ጉባኤ ይመስላል። አጠፋዋለሁ። «ሰሙት?» ብዬ ብቻ እልካለሁ።

አንድ ምልክት። ወዲያው ሁለት፣ ሁለቱም ሰማያዊ። አንብበውታል።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እጠብቃለሁ። ስምንት ሰዓት ይሆናል። ዘጠኝ ይሞላል፤ አሁን ዱራሜ የግምገማው በር እየተዘጋ ነው። በማግስቱም መልእክቱን እከፍተዋለሁ፣ በሳምንቱም። ከ«ሰሙት?» በታች ያለው ቦታ እንደ ነጣ ነው።